ምንም የማይዋስ ግንባታ

ኔትቢኤስዲ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ምንጭ ኮድ አውርዶ ዋናውን ፎልደር የከፈተ ሰው፣ እዚያው ላይ «ቢልድ.ኤስኤች» የሚባል አንድ የሼል ስክሪፕት ያገኛል። ስክሪፕቱ የሚጠይቀው ጥቂት ነው፦ ዩኒክስ መሰል ኮምፒውተር፣ የሲ እና የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር፣ ሰፋ ያለ የዲስክ ቦታ። ኮምፒውተሩ ሊኑክስ የተጫነበት ይሁን ማክ ግድ የለውም። ለየትኛው ማሽን እንደሚሠራ ብቻ ይነገረዋል። «ቫክስ» ተብሎ ከታዘዘ፣ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ1977 ላስተዋወቀው የኮምፒውተር ቤተሰብ የሚሆን ሙሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ከከርነሉ እስከ መመሪያ ገጾቹ፣ ትናንት በተገዛ ላፕቶፕ ላይ ተገንብቶ ይወጣል። ላፕቶፑ ስለ ቫክስ የሚያውቀው ነገር የለም። ባለቤቱም አብዛኛውን ጊዜ በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

ኔትቢኤስዲን የሚያነሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ስለሚሠራባቸው ማሽኖች ብዛት ነው። ከ50 በላይ የማሽን ዓይነት ላይ ይሠራል፤ በ2005 አንድ ኩባንያ ዳቦ መጥበሻ ላይ አሠርቶ አሳይቷል። መጥበሻው ያስቃል፣ ግን ከቀልዱ ብዙም አያልፍም። እኔን የሚይዘኝ ከማሽኖቹ በስተጀርባ ያለው አሠራር ነው፤ ማለትም ኮዱ የተደራጀበትና የሚገነባበት መንገድ። ይህ ሥራ ከሚገነባበት ቤት ምንም ላለመዋስ፣ ምንም ይዞ ላለመውጣት የተጨነቀ ሥራ ነው። ያ ጭንቀት እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ሳይላላ ሲሄድ ማየት ደስ ይላል።

ፕሮጀክቱ የተመሠረተው በ1993 ነው። ክሪስ ዲሜትሪዩ፣ ቲዮ ዲ ራት፣ አዳም ግላስና ቻርልስ ሃነም የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲን ዩኒክስ ወራሽ ኮድ ይዘው፣ በየዓይነቱ ማሽን ላይ የሚሠራ ንጹሕ ሲስተም ሊያወጡ ተነሡ። ግን መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ሲስተም ራሱ ነበር የሚገነባው። ፈጣኑ ማሽን በሰዓታት ሲጨርስ፣ አሮጌውና ዘገምተኛው ቀናት ይፈጅበታል። በሦስተኛው ቀን መጨረሻ ላይ አንድ ፋይል ከተሳሳተ እንደገና ነው። አዲስ ዕትም የሚወጣበት ጊዜ በመጨረሻው ደካማ ማሽን ፍጥነት ይወሰናል ማለት ነው። በ2002 የወጣው 1.6 ዕትም ይህን ቀየረው፤ «ቢልድ.ኤስኤች» ከዚያ ዕትም ጋር መጣ። በቀጣዩ ዓመት ሉክ ሚውበርንና ማቲው ግሪን በካሊፎርኒያ ሳን ማቴዎ በተካሄደው ቢኤስዲኮን ጉባኤ ላይ አሠራሩን በጽሑፍ አቀረቡ።

ስክሪፕቱ ሲነሣ የመጀመሪያ ሥራው ሥራውን የሚመራለትን ፕሮግራም መሥራት ነው። «ሜክ» የሚባለው ይህ ፕሮግራም በየኮምፒውተሩ ይገኛል፤ ነገር ግን የሊኑክሱ ሜክና የበርክሌዩ ሜክ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ለየቅል ነው። ስለዚህ «ቢልድ.ኤስኤች» ያለውን ትቶ ከራሱ ምንጭ ኮድ የራሱን ሜክ ይገነባል። ከዚያ ቀጥሎ አንድ ትንሽ ስክሪፕት ይጽፋል፤ ስሙ ላይ የማሽኑ ስም ይቀጠልበታል። በዚህች ስክሪፕት ውስጥ ውሳኔዎች ሁሉ ተጽፈው ይቀመጣሉ፦ ለየትኛው ማሽን፣ መሣሪያዎቹ የት፣ ውጤቱ ወዴት። ከዚያ በኋላ ፕሮግራመሩ ከሺህ ፎልደሮች ወደ አንዱ ገብቶ ይህችን ስክሪፕት ብቻ ቢጠራ፣ ያችን አንዷን ፕሮግራም ለዚያው ማሽን በትክክል ገንብቶ ይወጣል። ሌላ ነገር ማስታወስ አይጠበቅበትም።

ቀጥሎ የመሣሪያ ተራ ነው። ኮምፓይለሩና ሊንከሩ መገንባታቸው የሚጠበቅ ነው፤ የሌላ ማሽን ቋንቋ የሚናገር ኮምፓይለር የግድ ያስፈልጋል። የሚገርመው ከእነሱ ጋር የሚሰለፉት ትንንሾቹ ናቸው። ጽሑፍ የሚያርመው ሴድ፣ ዓምድ የሚለየው ኦክ፣ ፋይል የሚያስቀምጠው ኢንስቶል። እነዚህ ሁሉ በላፕቶፑ ላይ አሉ። ሆኖም የማኩ ሴድና የሊኑክሱ ሴድ በጥቂት ነገር ይለያያሉ፣ ጥቂቱ ልዩነት ደግሞ የሚወጣው ከመቶ አንድ ጊዜ፣ ያውም ማንም በማይጠብቀው ቦታ ነው። ስለዚህ ሁሉም ከኔትቢኤስዲ ምንጭ ኮድ እንደገና ይገነባሉ፤ ከአብዛኞቹ ስም ፊት «ኤንቢ» የሚል ምልክት ተጨምሮ በአንድ ፎልደር ይቀመጣሉ። የቤቱ መሣሪያና የእንግዳው መሣሪያ አይቀላቀሉም።

እነዚህ መሣሪያዎች የተጻፉት በቢኤስዲ ቤት ነው፤ በሌላ ቤት የሌሉ የላይብረሪ ተግባሮችን ይጠራሉ። ለምሳሌ ጽሑፍ ከመጠኑ ሳያልፍ የሚቀዳውን «ስትርልሲፒዋይ» የሊኑክሱ ዋና የሲ ላይብረሪ የጨመረው በ2023 ነው። ለዚህ «ኮምፓት» የሚባል አንድ ፎልደር ተዘጋጅቷል። ሥራው በቤቱ የጎደለውን እየለየ መሙላት ብቻ ነው። ማንም አያመሰግነውም፤ ፎልደሩን ከፍቶ የሚያነበውም ጥቂት ሰው ነው። ግን ግንባታው ማክ ላይም ሊኑክስ ላይም የሚያልቀው በእሱ ምክንያት ነው። መሣሪያዎቹ ካለቁ በኋላ የላፕቶፑ ኮምፓይለር ለቫክሱ አንዲት መስመር አይተረጉምም። ቫክሱ ላይ የሚያርፈውን ሁሉ የሚተረጉመው አሁን የተሠራው ኮምፓይለር ነው።

እዚህ ላይ ከባዱ ፈተና ይመጣል። ኮምፓይለሩን ጂሲሲን የመሰሉ የጂኤንዩ ትልልቅ ፕሮግራሞች ከመገንባታቸው በፊት ማሽኑን ይጠይቃሉ። ትንንሽ ፕሮግራም ጽፈው ይሠራ እንደሆነ ይሞክራሉ፤ የቁጥሮችን ስፋት ይለካሉ፤ ይህ ተግባር አለ ወይ ይላሉ። ግንባታው በራሱ በማሽኑ ላይ ሲሆን ይህ ብልህ ዘዴ ነው። ቫክሱ በሌለበት ግን ጥያቄውን የሚመልስ የለም፤ ላፕቶፑ ከመለሰ ደግሞ ስለ ራሱ ነው የሚመልሰው። የኔትቢኤስዲ ሰዎች መፍትሔ መልሱን አስቀድሞ መሰብሰብ ነው። ለእያንዳንዱ የፕሮሰሰር ዓይነት የጥያቄዎቹ መልስ አንድ ጊዜ ይወጣና ከምንጭ ኮዱ ጋር በየፕሮሰሰሩ ስም በተሰየመ ፎልደር ይቀመጣል። በግንባታው ቀን ለቫክሱ የሚሆነው ጂሲሲ ጥያቄ አያነሣም፤ መልሱ ተጽፎ ይጠብቀዋል።

ከውጭ የመጣው ኮድ የሚቀመጥበት አኳኋንም ልብ ሊባል ይገባል። «ኤክስተርናል» በሚባለው ፎልደር ሥር የመጀመሪያው ክፍፍል በፈቃድ ዓይነት ነው፦ ቢኤስዲ፣ ኤምአይቲ፣ ጂፒኤል ሁለት፣ ጂፒኤል ሦስት፣ የሕዝብ ንብረት። ሕግ የሚያስጨንቀው ድርጅት የትኛውን ክፍል መውሰድ እንደሚችል ለማወቅ ጠበቃ ሳይጠራ ፎልደር ብቻ ያያል። በእያንዳንዱ እንግዳ ፕሮግራም ሥር ደግሞ «ዲስት» የሚባል ፎልደር አለ። የመጣው ኮድ እዚያ የሚቀመጠው ባለቤቶቹ በሰጡት ቅርጽ ነው። ኔትቢኤስዲ የራሱን የግንባታ ፋይል ከጎኑ ያስቀምጥና እጁን ዘርግቶ ከዲስት ውስጥ የሚፈልገውን ይወስዳል። አዲስ ዕትም ሲመጣ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ይነጻጸራሉ፤ የማን እጅ ምን እንደነካ አይጠፋም።

የራሳቸው ፕሮግራሞች ዘንድ ሲደርሱ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ኢኮ የምትባለውን ትንሽ ትዕዛዝ የግንባታ ፋይል ቢከፍቱ፣ ፍሬ ነገሩ ሁለት መስመር ነው። አንዱ የፕሮግራሙን ስም ይናገራል፤ ሁለተኛው የጋራውን የፕሮግራም ደንብ ጥራ ይላል። ምንጩ ካልተነገረ በፕሮግራሙ ስም የተሰየመ የሲ ፋይል ነው፤ መመሪያ ገጹም ካልተነገረ በዚያው ስም የተሰየመ ነው። የት እንደሚጫን፣ በማን ስም፣ በምን የመዳረሻ ፈቃድ፣ ሁሉም በጋራው ደንብ ተወስኗል። ሁለት መስመር ብቻ እንዲበቃ ሌላ ቦታ ሺህ መስመር ተጽፏል፣ እሱም ላለፉት አሥርተ ዓመታት እየተጠረበ ነው። ይህ የበርክሌይ ውርስ ነው፤ ኔትቢኤስዲ አልፈጠረውም። ሆኖም በደንብ ይዞታል።

የላይብረሪዎቹን ዝርዝር የያዘውን ፋይል ብዙ ጊዜ እመለስበታለሁ። ዛሬ ኮምፒውተሮች ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ስለሚሠሩ፣ ሌላው ላይብረሪ የሚደገፍበት ላይብረሪ ቀድሞ ማለቅ አለበት። ይህን ለማስጠበቅ በዝርዝሩ መካከል «ጠብቅ» የሚል ትዕዛዝ ይገባል። ከትዕዛዙ በላይ በእኩልነት ምልክት ዳርና ዳሩ የተሰመረ የማስታወሻ መስመር አለ፦ የመጀመሪያው የላይብረሪ ጥገኝነት አጥር። ዝቅ ሲሉ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። ማሽኑ እነዚህን መስመሮች አያነብም። ለቀጣዩ ሰው የተሰመሩ ናቸው፤ በችኮላ አንድ ላይብረሪ ከአጥር በታች ወደ ላይ እንዳያወጣ።

ግንባታው ሲሄድ ስክሪኑ ላይ የሚታየውም ታስቦበታል። ብዙ ፕሮጀክቶች ኮምፓይለሩ የተጠራበትን ረጅም ትዕዛዝ ሙሉውን ይተፋሉ፤ ዓይን የሚያርፍበት የለም። እዚህ በየመስመሩ አንድ ግስና አንድ ፋይል ብቻ አለ፦ ፍጠር፣ ተርጉም፣ አያይዝ፣ አስቀምጥ። ግሶቹ በቀኝ ጫፋቸው ተሰልፈዋል፤ ፋይሎቹም ሁሉም ከአንድ ቦታ ይጀምራሉ። ሰልፉ ሲሰበር፣ ማለትም ስህተት ሲመጣ፣ ሳያነቡት ይታያል። ዝርዝሩን የሚሻ ሰው ድምፁን በደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ሥራ ስለ ፋይል ባለቤትነት ያሰቡት ነው። በተጫነ ሲስተም ውስጥ ዋና ዋና ፋይሎች የሩት፣ የዋናው አስተዳዳሪ ናቸው። «ሱ» የምትባለው ትዕዛዝ ደግሞ የጠራትን ሰው ለጊዜው የሩትን ሥልጣን የሚያለብስ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋታል። እንዲህ ያለ ፋይል በዲስክ ላይ መፍጠር የሚችለው ሩት ብቻ ስለሆነ፣ ቀድሞ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚገነባ ሰው ግንባታውን በሩት ሥልጣን ያስሄድ ነበር። አንድ ስህተት የገባባት የግንባታ መስመር የላፕቶፑን የራሱን ፋይሎች ልትጠርግ ትችላለች ማለት ነው። ኔትቢኤስዲ ግንባታውን ያለ ሩት የሚያስኬድ መንገድ አለው። ፋይሉ በተራ ተጠቃሚ ስም ይቀመጣል፤ ኢንስቶል ግን «ሜታሎግ» በሚባል መዝገብ ላይ አንድ መስመር ይጽፋል፦ ይህ ፋይል የሩት ነው፣ ቡድኑ ይህ ነው፣ ፈቃዱ ይህ ነው። በመጨረሻ የሚጫኑት ጥቅሎች ሲታሸጉ አሻጊው ፕሮግራም ዲስኩን ትቶ መዝገቡን ያምናል። የዲስክ ምስል የሚሠራው «ሜክኤፍኤስ» የተባለው መሣሪያም እንዲሁ፤ ምንም ዲስክ ሳያያይዝ ፋይል ሲስተሙን ከነባለቤቶቹ እንደ አንድ ተራ ፋይል ይጽፈዋል። ጥቅሉ ሲፈታ ውስጡ ያለው ሁሉ የሩት ነው። በተገነባበት ላፕቶፕ ላይ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሩት የሆነ አልነበረም።

ጥቅሎቹ ከመታሸጋቸው በፊት ደግሞ ቆጠራ አለ። ኔትቢኤስዲ የሚጭነው እያንዳንዱ ፋይል፣ እያንዳንዱ ፎልደር፣ በእጅ በተጻፈ ዝርዝር ላይ መስመር አለው፤ ከጎኑም የትኛው ጥቅል ውስጥ እንደሚገባ ይጻፋል። ግንባታው ሲያልቅ የወጣውና የተጻፈው ይመሳከራሉ። የጎደለ ካለ ሥራው ይቆማል፤ ይህ አያስገርምም። የተረፈ ካለም ይቆማል። የዕድር ዕቃ ቤት የያዘ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል፦ ከለቅሶ ቤት የተመለሰው ሳህን ሲቆጠር አንድ ቢጎድል ይጠይቃል፣ አንድ ቢተርፍም ይጠይቃል፤ የተረፈው የሌላ ሰው ነውና። የስህተት መልእክቱ አነጋገርም ደስ ይለኛል። ለተረፈው ፋይል፣ ፋይሉ ያረጀ ነው ወይስ ዝርዝሩ አልታደሰም ብሎ ይጠይቃል፤ ለጎደለው ደግሞ አልተጫነም ይሆን ይላል። ሁለቱም የሚያልቁት በጥያቄ ምልክት ነው። ፈራጅ የሚሆነው ፕሮግራመሩ ነው።

ከእነዚህ መስመሮች አንዷ የአዲስ አበባ ናት። የዓለም የሰዓት ሰቆች መዝገብ በኤክስተርናል ሥር፣ በሕዝብ ንብረት ክፍል ይገኛል፤ ከሱ የሚወጣው የእያንዳንዱ ከተማ ፋይል በዝርዝሩ ላይ ለብቻው ተጽፏል። በመዝገቡ አዲስ አበባና ናይሮቢ ከ1970 ወዲህ ሰዓታቸው አንድ ስለሆነ የእኛዋ ወደ ናይሮቢ የምታመለክት ስም ናት። ቢሆንም ስሟ በዝርዝሩ ላይ አለ። የቫክስም ሆነ የሌላ ማሽን ግንባታ የአዲስ አበባን ፋይል ሳያወጣ ቢቀር፣ ጥቅሉ አይታሸግም።

ከሲስተሙ የወጣ ፋይልም መስመሩ አይሰረዝም። ያረጀ የሚል ምልክት ይለጠፍበትና እዚያው ይቆያል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አሮጌ ዕትም የነበረው ሰው አዲሱን ሲጭን፣ አሮጌው ፋይል ዲስኩ ላይ ይቀራል። ከዚህ ዝርዝር የሚወጣው ያረጁ ፋይሎች መዝገብ ከጥቅሉ ጋር ይሄድና፣ «ፖስትኢንስቶል» የተባለው ስክሪፕት በእሱ መሠረት ያጸዳል። ስለዚህ ዝርዝሩ ዛሬ ያለውን ብቻ ሳይሆን ድሮ የነበረውንም ይዟል። ለአዲስ ገቢ ፕሮግራመር አሰልቺ ነው፤ አንዲት መመሪያ ገጽ ጨምሮ ግንባታው የተሰበረበት ሰው ሲነጫነጭ አይፈረድበትም። ቢሆንም የዚህን ያህል ራሱን የሚያውቅ ሲስተም ብዙ አልገጠመኝም።

ከርነሉ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ እዚህ በጥቂቱ። የማሽን ጠባይ ያለው ኮድ በአንድ ወገን፣ ለሁሉም የሚሆነው በሌላ ወገን ተቀምጧል። የኔትዎርክ ካርድ ድራይቨር የሚጽፍ ሰው ካርዱ ኢንቴል ላይ ይሁን አልፋ ወይም ስፓርክ ፕሮሰሰር ላይ አያውቅም። የቺፑን መዝገቦች የሚያነበውና የሚጽፈው በአንድ የጋራ በር ነው፤ የባይት ቅደም ተከተሉን የሚያስተካክለው ከበሩ ኋላ ያለው የማሽኑ ኮድ ነው። ጄሰን ቶርፕ በ1998 ያቀረበው ጽሑፍ ካርዱ በቀጥታ ወደ ሜሞሪ የሚጽፍበትን መንገድም እንዲሁ ከማሽን ጠባይ ነጻ አወጣው። የከርነል ማዋቀሪያ ፋይሉም እንደ ተራ ዓረፍተ ነገር ይነበባል፦ የትኛውም ዲስክ፣ በየትኛውም የዲስክ መስመር ላይ፣ በየትኛውም ቁጥር።

በየካቲት 2017 ክሪስቶስ ዙላስ የዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ፍሬ የሆነውን አስታወቀ። ኔትቢኤስዲ ለኤኤምዲ64ና ለስፓርክ64 ሁለት ጊዜ ቢገነባ፣ በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ፎልደር፣ የሚወጣው እስከ መጨረሻዋ ቢት አንድ ዓይነት ሆነ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኮምፓይለሩ የግንባታውን ሰዓት ፋይሉ ውስጥ ይጽፋል፤ አሻጊው ፕሮግራም ቀን ያትማል፤ ለስህተት ፍለጋ የሚቀመጠው መረጃ ኮዱ የነበረበትን ፎልደር ስም ይይዛል፤ ፋይሎች በፎልደር ውስጥ የሚዘረዘሩበት ቅደም ተከተልም ከዲስክ ዲስክ ይለያያል። የኔትቢኤስዲ ሰዎች እያንዳንዱን አሳድደው መያዝ ነበረባቸው። ለሰዓቱ ያገኙት መላ በተለይ ደስ ይላል፦ የተገነባበት ሰዓት ቀርቶ በምንጭ ኮዱ ላይ የመጨረሻው ለውጥ የተመዘገበበት ሰዓት ይጻፋል። ያ ሰዓት የማንም ላፕቶፕ አይደለም፤ የኮዱ ነው። ጥቅም የለሽ ቅንጦት አይምሰላችሁ። የወረደው ጥቅል ከተባለው ኮድ የወጣ መሆኑን የሚጠራጠር ሰው ራሱ ገንብቶ ማመሳከር ይችላል፤ በመካከል የነካካው ካለ ይታያል።

እንከን የለውም አልልም። ከሁሉም ጊዜ የሚበላው ጂሲሲ ነው፤ የዚያን ግዙፍ እንግዳ ድግስ ለመቻል ሌላው ሲስተም ቀላልነቱን ይከፍላል። ኮዱ ሲቪኤስ በሚባለው አሮጌ መዝገብ ውስጥ ለረጅም ዘመን መቆየቱ ብዙ ወጣት ፕሮግራመር አርቋል፤ ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ሁሉ አላሳመነኝም። አንዳንድ ያረጁ ማሽኖች ግንባታቸው ይለፍ እንጂ በእውነተኛው ብረት ላይ የሚሞክራቸው ሰው እየጠፋ ነው፤ አስመሳይ ፕሮግራም ላይ ብቻ መሞከር ደግሞ አይበቃም።

ማየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መሣሪያዎቹን ብቻ እንዲገነባ ስክሪፕቱን ይዘዘው፤ ጂሲሲ እስኪያልቅ ጊዜ አለ። በዚያ ጊዜ እዚያው ዋናው ፎልደር ውስጥ ያለውን «ቢልዲንግ» የሚል ተራ የጽሑፍ ፋይል ያንብብ፤ እያንዳንዱ አማራጭ፣ እያንዳንዱ ፎልደር ምን እንደሚሠራ ተጽፏል። የዲስክ ቦታ የሌለው ደግሞ ትዕዛዙ ላይ «ኤን» የምትለዋን ፊደል ይጨምር። ስክሪፕቱ ምንም ሳይነካ ሊያደርግ የነበረውን አንድ በአንድ ያነብለታል።